አሮጌ ጠመንጃ ከማጉረስዎ በፊት ጥይት ማደሪያውን ይለኩ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች በብዛት ወደ አሜሪካ ተጭነው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። የፈረንሳይ ውጅግራ አለበት፤ የጣሊያን ቬተርሊና ካርካኖ አለበት፤ የጀርመን ጌቬር 88 አለበት፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤልጅግ ያስመጡት፣ አንበሳ የታተመበት ማውዘርም አለበት። ዋሽንግተን ወይም ዴንቨር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቅድመ አያቱ አንግቶት ሊሆን የሚችለውን ጠመንጃ ገዝቶ ቤቱ ማስገባት ቢፈልግ የሚያስገርም ነገር የለውም። ከገዛው በኋላ ደግሞ መተኮስ ያምረዋል። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ላለው ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። መጀመሪያ በላዩ ላይ የታተመውን አንብቦ ጠመንጃውን «ያውቀዋል»፣ ከዚያ ለስሙ የሚስማማ ጥይት ገዝቶ ይተኩሳል። የእኔ አቋም ከዚህ ይለያል፦ በብረቱ ላይ የታተመው ጽሑፍ ጠመንጃው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበር ብቻ ይናገራል፤ ዛሬ ምን እንደሆነ የሚናገረው የጥይት ማደሪያው ነው፤ ማለትም በበርሜሉ የኋላ ጫፍ ጥይቱ ተጎርሶ የሚቀመጥበት ክፍል። እሱ ሳይለካ ጠመንጃው ገና አልታወቀም። ያልታወቀ ጠመንጃ ደግሞ አይተኮስም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህንን የሚከተሉ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያዙሩ፣ ጣትዎን ከቃታው ያርቁ፣ መቀርቀሪያውን ወደ ኋላ ስበው ይክፈቱ፤ ማደሪያውን በዓይንዎ ይዩ፣ በትንሿ ጣትዎም ይዳስሱ። ከዚያ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በአፈሙዙ በኩል ያስገቡና የት ድረስ እንደሄደ ምልክት ያድርጉበት፤ ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር አስተካክለው ዘንጉን ከውጭ በበርሜሉ ጎን ሲያስደግፉት ጫፉ እስከ ማደሪያው መድረስ አለበት። ካልደረሰ ውስጡ የተቀረቀረ ነገር አለ፤ የቆየ እርሳስ፣ ጨርቅ፣ ወይም የምስጥ አፈር። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጓንዴ ከሆነ ደግሞ ዘንጉ የግድ ነው፤ ደርቆ የቆየ ጥቁር ባሩድ ከብዙ ዘመን በኋላም ይቀጣጠላልና።

ቀጥሎ ማኅተሞቹን ያንብቡ። መነበብ ያለባቸው ስለሚጠቅሙ ነው፤ ብቻቸውን ግን አይበቁም። ውጅግራ ከሆነ መቀርቀሪያው በሚቀመጥበት በመያዣው ብረት ግራ ጎን በፈረንሳይኛ የፋብሪካው ስምና «ሞዴል 1874» የሚል ጽሑፍ ያገኛሉ፤ በበርሜሉ ላይ ዓመቱ ከፋብሪካው ምልክት ጋር ይቀመጣል፣ «ኤስ» የምትለው ፊደል ለሴንት ኤትየን ናት። የጣሊያን ጠመንጃ ላይ ቴርኒ፣ ብሬሻ፣ ጋርዶኔ ወይም ቶሪኖ የሚሉ የከተማ ስሞች ይታያሉ። ከ1922 በኋላ በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ከዓመቱ ጎን የሮማ ቁጥር አለ፤ ከፋሺስቶች ሥልጣን መያዝ ጀምሮ የተቆጠረ ዓመት ነው። አሥራ አራት የሚል ቁጥር ያለበት ካርካኖ ጣሊያን ኢትዮጵያን በወጋችበት፣ ከጥቅምት 1935 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1936 መጨረሻ ባለው ዓመት ውስጥ የተሠራ ነው። ይህን በገዛ እጅ ይዞ ማንበብ በራሱ ታሪክ ነው፤ ከግዢው ዋጋ ግማሹን የሚከፍልልዎት እሱ ይመስለኛል። ቁጥሮቹንም ያስተያዩ፦ በመያዣው ብረት፣ በበርሜሉና በመቀርቀሪያው ላይ ያለው ተራ ቁጥር አንድ ነው? መጋዘን ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተከምሮ በኖረ መሣሪያ ላይ የአንዱ መቀርቀሪያ ለሌላው መግባቱ የተለመደ ነው። የዚህ መዘዝ በኋላ ይመጣል።

አሁን ማኅተሙ ለምን እንደማይበቃ በማስረጃ ላሳይ። አንደኛው ውጅግራ ነው። ሲወለድ 11 ሚሊሜትር፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ፣ በጥቁር ባሩድ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ የሚወረውር ጠመንጃ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ፈረንሳይ ጠመንጃ አጥሯት ብዙዎቹን በ8 ሚሊሜትር በርሜል ለለበል ጥይት ቀየረቻቸው፤ የለበል ጥይት ደግሞ የሚሞላው በጭስ አልባ ባሩድ ነው። በጎኑ ላይ ያለው «1874» አሁንም አለ። ሁለተኛው ቬተርሊ ነው። በዓድዋ የጣሊያን ጦር በአብዛኛው የያዘው የ1870/87ቱን ቬተርሊ ነበር፤ ወደ 10.4 ሚሊሜትር የሚጠጋ የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ። በ1915 እና 1916 ጣሊያኖች የሰፊውን በርሜል ሆድ ቦርቡረው ቀጭን ቱቦ አስገቡበትና የካርካኖውን 6.5 ሚሊሜትር ጥይት እንዲተኩስ አደረጉት። የካርካኖ ጥይት ግፊት ከ2,500 ባር በላይ ይወጣል፤ የቬተርሊው መቆለፊያ የታሰበው ከዚያ በጣም ላነሰ ግፊት ነው። በበርሜሉ ላይ የሚነበበው ግን ያው የ1880ዎቹ ዓመትና የከተማው ስም ነው።

ሦስተኛው ስውር ስለሆነ የበለጠ ያሳስበኛል። ጌቬር 88 ሲሠራ የእርሳሱ ውፍረት ወደ 8.08 ሚሊሜትር ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ወደ 8.20 ሚሊሜትር ወፈር ያለ፣ ፈጣንና ግፊቱ የከበደ ጥይት አወጣች። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ ቀለሃው አንድ ስለሆነ አዲሱ ጥይት አሮጌው ጠመንጃ ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይገባል። ሲተኮስ ነው ወፍራሙ እርሳስ በጠባቡ በርሜል ለመሾለክ ሲታገል ግፊቱ የሚሰቀለው። ለአዲሱ ጥይት የተስተካከሉት ጠመንጃዎች በመያዣው ብረት አናት ላይ «ኤስ» ተመቶባቸዋል፤ ነገር ግን ማስተካከሉ ሁሉንም በርሜል አንድ አላደረገምና ፊደሏን አይቶ መተኮስ አያስተማምንም። የአሜሪካ አምራቾች ራሳቸው ይህን ይፈራሉ፦ «8 ሚሊሜትር ማውዘር» ብለው የሚሸጡት ጥይት ወደ 2,400 ባር ብቻ ሆኖ የሚሞላው ለዚሁ ነው፤ የአውሮፓው ደረጃ 3,900 ባር ይፈቅዳል። ስለዚህ በስም አንድ የሆኑ ሁለት ካርቶን ጥይቶች በአንድ ጠመንጃ ውስጥ አንድ ነገር አይሠሩም።

የካርካኖው ችግርም ከዚሁ ዘር ነው። በ1938 ጣሊያን 7.35 ሚሊሜትር ጥይት አውጥታ ብዙም ሳትቆይ ወደ 6.5 ተመለሰች። ሁለቱም ስድስት ጥይት በሚይዘው በአንድ ዓይነት ማቀፊያ ነው ወደ ካዝናው የሚገቡት። አነስተኛው ጥይት በትልቁ ማደሪያ ውስጥ ይገባል፤ ይተኮሳልም፤ እርሳሱ ግን በበርሜሉ ውስጥ እየተንቀጫቀጨ ይወጣል፣ የቀለሃው አንገትም ይሰነጠቃል። ብዙውን ጊዜ «7.35» የሚል ጽሑፍ በኋላ ማነጣጠሪያው ላይ አለ፤ ማነጣጠሪያ ግን የሚቀየር ዕቃ ነው።

«አስመጪው እኮ ካሊበሩን በበርሜሉ ላይ አስመትቶታል» የሚል ይኖራል። አስመጪ የሚያትመው ሕግ ስላስገደደው ነው፤ የእያንዳንዱን ጠመንጃ ማደሪያ ለክቶ ነው ማለት አይቻልም። ሕጉ ራሱም ሊያዘናጋ ይችላል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ «ጥንታዊ» ተብሎ ከተራው የጦር መሣሪያ ሕግ ውጭ ይሆናል። ከላይ ያነሳሁት የተቀየረው ቬተርሊ በ1880ዎቹ ስለተሠራ በሕግ ዓይን ጥንታዊ ነው፤ የሚተኩሰው ግን ጭስ አልባና ኃይለኛ ጥይት ነው። ከሁሉም አብልጦ መጠንቀቅ የሚያሻው ጠመንጃ ከሁሉም ያነሰ ቁጥጥር ያለበት ሆነ ማለት ነው። ሕጉን ካነሳን ዘንድ፦ የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ ከፌዴራሉ ሊጠብቅ ስለሚችል የሚኖሩበትን ይጠይቁ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የአያት ጠመንጃም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ወደ መለካቱ እንግባ። ሁለት ልኬት አለ፤ የበርሜሉና የማደሪያው። ለበርሜሉ ከውስጡ ትንሽ የሚወፍር ለስላሳ የእርሳስ ድቡልቡል ይፈልጉ። በርሜሉን በዘይት ያርሱ፣ እርሳሱን በአፈሙዝ በኩል በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለው ያስገቡ፣ በናስ ዘንግ እየገፉ በሌላው ጫፍ ያውጡት። በእርሳሱ ላይ የበርሜሉ ቦዮች ጎልተው ይቀረጻሉ፤ ከጎላው እስከ ትይዩው ጎላ ድረስ በካሊፐር ሲለኩ ትክክለኛው ውፍረት ይገኛል። ጌቬር 88 ላይ ሥራውን በዚህ ብቻ ይፈርዳሉ፦ 8.08 አካባቢ ካገኙ አዲሱን የማውዘር ጥይት ጨርሶ አያስቡት።

ለማደሪያው ሴሮሴፍ የሚባል፣ ከፈላ ውሃ ባነሰ ሙቀት የሚቀልጥ የብረት ቅልቅል ይገዛሉ። ማደሪያውን ከቅባት አጽድተው ከማደሪያው ፊት ያለውን የበርሜል ክፍል በጨርቅ ይድፈኑ፤ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ታች አቁመው የቀለጠውን በቀጭን ማንቆርቆሪያ ያፍሱ፤ ከማደሪያው አፍ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ብርማው ፈሳሽ ደብዝዞ ይረጋል። መጀመሪያ ትንሽ ስለሚኮማተር ቶሎ መውጣት ያለበት በዚያን ጊዜ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ተመልሶ እየተለጠጠ ይጣበቃል። ከፈሰሰ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላው ልክ የማደሪያውን መጠን ይይዛል፤ መለካት ያለበት ያኔ ነው። በእጅዎ ላይ የሚያዩት የቀለሃ ቅርጽ ነው፦ መቀመጫው፣ ገላው፣ ትከሻው፣ አንገቱ፣ እርሳሱ ጉዞ የሚጀምርበት ደረት። ርዝመቱንና የመቀመጫውን፣ የትከሻውንና የአንገቱን ውፍረት ጽፈው ከታወቁት የጥይት ስዕሎች ጋር ያስተያዩ። ማኅተሙ ያላለውን ማደሪያው እዚህ ይናገራል፤ ሁለቱ የማይስማሙ ከሆነ የማደሪያውን ይያዙ።

ልኬቱ ጥይቱን ከነገረዎት በኋላ የሚቀረው ጥያቄ መቀርቀሪያው ጥይቱን በደንብ ደግፎ ይይዘዋል ወይ ነው። በመቀርቀሪያው ፊትና በቀለሃው መቀመጫ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከበዛ፣ ቀለሃው ሲተኮስ ወደ ኋላ ተለጥጦ ይበጠሳል፤ የጋለ ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ቁጥሩ የማይገጥም መቀርቀሪያ የሚያመጣው መዘዝ ይኸው ነው። ለካርካኖና ለማውዘር «የሚገባ»ና «የማይገባ» የሚባሉ የብረት መለኪያዎች ይሸጣሉ፤ መቀርቀሪያው በመጀመሪያው ላይ መዘጋት፣ በሁለተኛው ላይ አለመዘጋት አለበት። በጉልበት አይዝጉ፤ በሁለት ጣት የሚሰማዎት ይበቃል። ለውጅግራ መለኪያ በቀላሉ አይገኝምና ወደ ጠመንጃ ባለሙያ ይውሰዱት። በዚያው የመቀርቀሪያውን ጆሮዎችና ጭንቅላት በማጉያ መነጽር ይዩ፦ ስንጥቅ፣ መሸረፍ፣ የመምቻ መርፌው ጫፍ መበላት። በርሜሉን ወደ ብርሃን አቅንተው ሲያዩ እንደ ቀለበት የሚዞር ጥላ ካለ በርሜሉ አንድ ጊዜ አብጧል ማለት ነው፤ ያ ጠመንጃ አይተኮስም። እንጨቱም ይታይ። በቆዳ የተጠቀለለ ወይም በቆርቆሮ የተጠገነ ሰደፍ ቢያገኙ ጥገናውን አያፍርሱ፤ የጠመንጃው ሕይወት አካል ነው። ነገር ግን ከሥሩ ስንጥቅ እንዳለ አስበው ይነሱ።

የጥይቱ ነገር አጭር ነው። ያልተቀየረ ውጅግራ ጥቁር ባሩድ እንጂ ጭስ አልባ አይጎርስም፤ መጠኑን «ቀንሼ» ማለትም አያድንም። ለካርካኖ አዲስ የፋብሪካ ጥይት ይገዛል። አሮጌ ጥይት ግን ጠመንጃው አብሮት ቢመጣም ይተዉት። በኢትዮጵያ የተተኮሰ ቀለሃ እየተለቀመ እንደገና ይሞላ ነበር፤ ጥይት በአንዳንድ አካባቢ እንደ ገንዘብ ሁሉ ያገበያይ ስለነበር ከእጅ እጅ ሲዞር ኖሯል። ውስጡ ማን ምን ያህል እንደጨመረበት የሚነግርዎት የለም።

«አባቶቻችን በዚሁ በተሞላ ጥይት፣ ያለ መለኪያ፣ ዕድሜያቸውን ሲተኩሱ አልኖሩም ወይ?» የሚለው ትልቁ ተቃውሞ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ውጅግራ በዓድዋ ሠርቷል፤ በደንብም ሠርቷል። ነገር ግን ያኔ የተተኮሰው በአብዛኛው ጠመንጃው በተሠራለት የጥይት ዓይነትና ባሩድ ነው፤ ብረቱም ገና ሃያ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ በርሜሉ ተቀይሯል፣ መቀርቀሪያው ተዛውሯል፣ ዝገት በልቶታል፣ ገበያው ላይ ያለው ጥይትም ሌላ ነው። የአርበኛው ልምድ ስለ ዛሬው ዕቃ ምስክር ሊሆን አይችልም። በተጨማሪ፣ የፈነዳበት ሰው ለመናገር እንዳልተመለሰ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ወደ እኛ የደረሰው የተረፉት ቃል ነው።

የተቀየረውን ቬተርሊና የተቀየረውን ውጅግራ በተመለከተ ፍርዴ ግልጽ ነው፦ ልኬታቸው ቢገጥምም አይተኮሱ። መንግሥታት የሠሯቸው በጦርነት ጭንቀት ነው፤ እርስዎ በዚያ ጭንቀት ውስጥ አይደሉም። «ካልተተኮሰ ምን ያደርግልኛል?» ለሚል፣ ከሴሮሴፉ ቅርጽና ከማኅተሞቹ የተማረው ነገር አንዲት ጥይት ከምታስተምረው ይበልጣል።

የቀሩት ጠመንጃዎች ምርመራውን ካለፉ፣ የመጀመሪያው ተኩስ ከትከሻ አይሁን። በሕጋዊ የተኩስ ሜዳ፣ አስፈቅደው፣ ጠመንጃውን አሮጌ ጎማ ላይ በቀበቶ አጥብቀው ይሰሩት፤ አንድ ጥይት ብቻ ያጉርሱ፤ ረጅም ገመድ ቃታው ላይ አስረው ከጠንካራ ግድግዳ ጀርባ ሆነው ይሳቡ። ከከሸፈ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሳይነኩት ይጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ድምፁ ደከም ያለ «ጵፍ» ከሆነ እርሳሱ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፤ በዘንግ ሳያዩ ሁለተኛ አያጉርሱ።

አንድ ተኩስ አልፏል ማለት ግን ጠመንጃው አንድ ጊዜ ቻለ ማለት ብቻ ነው፤ ዋናውን የሚናገረው ቀለሃው ነው። ካፕሱሏ ከመቀመጫዋ ወደ ኋላ ወጥታ ከሆነ ክፍተቱ ሰፊ ነው። ጠፍጥፋ ጠርዟ ከጠፋ ወይም ከተበሳች ግፊቱ በዝቷል። ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ገላውን የሚዞር የሚያብረቀርቅ መስመር ካለ ቀለሃው ሊበጠስ ተቃርቧል፤ ጫፉ የተቆለመመ ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብተው ግድግዳውን ሲፍቁ ሽቦው በዚያ ቦታ ላይ ደቀቅ ባለ ቦይ ቢያዝ ጥርጣሬው አብቅቷል። ሦስት አራት ቀለሃ ያለ አንዳች ምልክት ከወጣ መነጽርና የጆሮ መከለያ አድርገው ከትከሻ ይተኩሱ፤ እያንዳንዱን ቀለሃ ማየቱን ግን አይተዉ፤ የደከመ ብረት በአሥረኛው ላይ ሊሰጥ ይችላል።

ሲጨርሱ በዚያው ቀን ይጠቡት። ጥቁር ባሩድም ሆነ የድሮ ካፕሱል የሚተዉት ጨው ነው፤ ጨውን የሚያወጣው ዘይት ሳይሆን የፈላ ውሃ ነው። በማደሪያው በኩል አፍስሰው፣ በጨርቅ አድርቀው፣ ከዚያ ዘይት ይቀቡ። ሴሮሴፉ የሰጠዎትን ቁጥሮች፣ የበርሜሉን ውፍረትና የፈቀዱትን ጥይት በአንድ ወረቀት ጽፈው ከጠመንጃው ጋር ይሰሩት፤ ነገ ልጅዎ ወይም ሌላ ገዢ ሲያነሳው ከማኅተሙ ቀድሞ እሱን እንዲያነብ።